የአሥራ ዘጠኝ ቀን ጭውውት

ጋሼ ማኅተም በየማለዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማንም በማይመጣበት ቤት ማንንም የማይጠብቁ ሰው ሆነው ከጠረጴዛቸው ፊት ይቀመጡ ነበር። ስሙ የወጣላቸው ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሲሠሩ ነው። ሳያነቡ ማኅተም አያሳርፉም። «ዐይንህ ያላየውን እጅህ አይፈርምም» እያሉ ስንቱን ጸሐፊ ከነደብዳቤው መልሰውታል።

ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በሐዘን ኖሩት ለማለት ያስቸግራል፤ ሐዘን እንኳ ስሜት ነውና። የእሳቸው ነገር እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ መኖሩን ያውቁታል፣ ሲረግጡበት ግን የሌላ ሰው ይመስላቸዋል። ከቤት የሚያወጣቸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የአረጋውያን ማዕከሉ። እሱም የዝናቡ ወራት ጣራውን ቢያወርደው ለጥገና ተዘጋ።

የማዕከሉ አስተባባሪ ሙያዋ ነርስ ነው። «ጣራው ወረደ እንጂ ማኅበሩ አልወረደም» ብላ ለሁሉም በየቤታቸው ደወለችና ሁለት ሥርዓት አቆመች። አንደኛው የአርብ ነው። አርብ አርብ አራት ሰዓት ላይ ሠላሳው አባላት በአንድ የጋራ የስልክ መስመር ይገናኛሉ። እሷ ትቆጥራለች፤ እነሱ በየቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንድና እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ቀጥ በሉ። ቀኝ ክንድ ወደ ላይ… አንድ…»

«ኧረ ቆዩኝ፣ መነጽሬን እየፈለግሁ ነው!»

«ለክንድ መነጽር ምን ያደርጋል?»

«የማን ራዲዮ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ዝጉት እባካችሁ!»

«ራዲዮ አይደለም፣ ባሌ ነው።»

ሁሉም ይስቃሉ። ጋሼ ማኅተም አይስቁም፤ ክንዳቸውን ግን እንደ ታዘዙት ያነሣሉ።

ሁለተኛው ሥርዓት የየዕለት ነው። አባላቱ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ። ከሁለቱ አንዱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለጓደኛው ይደውልና ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ለአስተባባሪዋ በስልክ መልእክት ይልካል። ሰውነቱን አንቀሳቅሷል? ምግብ ቀምሷል? ምን ተጨዋወታችሁ?

«ሦስተኛዋን አደራ» አለች አስተባባሪዋ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰው ይዋሻል፤ 'በልቻለሁ' ይላል ሳይበላ። ሲያወራ ግን ድምፁ ያጋልጠዋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከደም ግፊት መለኪያው በፊት የሰው ድምፅ ነው የነገረኝ።»

ለጋሼ ማኅተም የደረሷቸው እትዬ መርፌ ነበሩ። የሰባ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከስፌት መኪናቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ጋሼ ማኅተምን በአምስት ዓመት ይበልጧቸዋል፤ አምስቱንም ዓመት ይጠቀሙባቸዋል።

«ሃሎ፣ እትዬ። እንደምን አደሩ?»

«አደርኩ። አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ምነው እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደረቀ? ምን በላህ?»

«ቁርስ በልቻለሁ።»

«ቁርስ ሰዓት እንጂ ምግብ ነው እንዴ? ምን ነበር?»

«ዳቦ።»

«ብቻውን?»

«ብቻዬን» አሉ ጋሼ ማኅተም።

«ስለ ዳቦው ነበር የጠየቅሁህ» አሉ እትዬ መርፌ ቀስ ብለው። «ይሁን። በመስኮትህ ምን ይታያል?»

«ግድግዳ።»

«ምን ዐይነት ግድግዳ? ልብስ ሰፊ ነኝ፣ 'ጨርቅ' ብቻ ብትለኝ አልሰፋልህም። ቀለሙን ንገረኝ፣ ስንጥቁን ንገረኝ።»

ጋሼ ማኅተም ተነሥተው ግድግዳውን አዩት። ባለቤታቸው በአንድ ወቅት ወደዚያው ግድግዳ እያመለከቱ ስለ አንዲት የርግብ ጎጆ ነግረዋቸው ነበር። ጎጆዋ የነበረችበት ቦታ አሁንም ነጭ ምልክት አለው። ይህን ለእትዬ መርፌ አልነገሩም። ነገር ግን ስልኩን ከዘጉ በኋላ እስከ ቀትር ድረስ ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲቆረጥማቸው ዋለ። የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚያም ያውቃሉ። እንዲነቃባቸው አልፈለጉም።

በዚያው ሳምንት ወዳጃቸው የሆኑት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ደወሉላቸው።

«መርፌ ስንት ደቂቃ ትይዝሃለች?»

«አርባ።»

«አርባ! በአርባ ደቂቃ እኔ ከተማውን አቋርጬ፣ ተሳፋሪ አራግፌ፣ እንደገና ጭኜ እመለስ ነበር። ስማኝ፤ እኔና ጓደኛዬ ተስማምተናል። ጠዋት አንድ ሚስኮል አደርግለታለሁ፣ እሱም አንድ ይመልስልኛል። አለ ማለት ነው። ማንም ስልክ አያነሣ፣ ማንም አይደክም። መኪና መኖሩን ለማወቅ ጥሩምባው ይበቃል፤ ሞተሩን ምን አስከፈተህ?»

«ሦስተኛው ጥያቄስ?»

ሹፌሩ ከት ብለው ሳቁ። «አንተ የመዝገብ ቤት ሰው! ቃል ቸግሮህ ያውቃል?»

በማግስቱ ጋሼ ማኅተም ጉዳዩን ለእትዬ መርፌ አቀረቡ። ብዙዎቻችን ግዴታን ስንሸሽ እንደምናደርገው ስንፍናቸውን አክብሮት አለበሱት።

«እትዬ፣ በየጠዋቱ እንዳላደክምዎት ብዬ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ላስጩኽ፣ እርስዎም አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ። ደኅና መሆንዎን በዚያ አውቃለሁ። ማንሣትም አያስፈልግም።»

«ደከምኩ ብዬሃለሁ?»

«አላሉም፣ ግን…»

«እሺ» አሉ እትዬ መርፌ። «አንተ ካልክ ይሁን።» ከዚያ በፊት ስልኩን ቀድመው የሚዘጉት ሁልጊዜ ጋሼ ማኅተም ነበሩ። በዚያ ቀን ግን እትዬ መርፌ ቀደሟቸው።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ማኅተም አንድ ጊዜ ያስጮኻሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእሳቸው ስልክ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል። ከዚያ ጋሼ ማኅተም ብዕራቸውን አንሥተው ዘገባውን በደብተር ይነድፋሉ፤ ሰርዘው ደልዘው ካቃኑት በኋላ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ወደ ስልካቸው ይገለብጡታል። «ባልደረባዬ ሰውነታቸውን በሚገባ አንቀሳቅሰዋል። ቁርስ ተመግበዋል። ዛሬ ስለ መጀመሪያዋ የስፌት መኪናቸው ሲተርኩልኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ነበር።» ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ዝናቡ፣ ሌላ ቀን ስለ ልጅነት ዘመን ጨዋታ። ሠላሳ አራት ዓመት የሌሎችን ቃል ሲያርሙ የኖሩ ሰው፣ በስተርጅና የራሳቸውን ልብ ወለድ ጻፉ። ሲጽፉም አላፈሩም፤ አልተደሰቱምም። ሥራ ነበር፤ ይፈጸማል።

አርብ መጣ። አስተባባሪዋ በጋራ መስመሩ ላይ፣ «አንድ ዘገባ ላንብብላችሁ» አለች። «ሌሎቻችሁ 'ተጫወትን፣ ደኅና ነው' ብላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ጋሼ ማኅተም እንዴት እንደሚጽፉ ስሙ።» የስፌት መኪናዋን ታሪክ ከነሳቁ አነበበችው። ከዚያ፣ «እትዬ መርፌ፣ እውነት እንዲህ ሳቁ?» ስትል ጠየቀች።

ጋሼ ማኅተም የገዛ ግድግዳ ሰዓታቸውን ሲቆጥር ሰሙት።

«እሱ ካለ ነው» አሉ እትዬ መርፌ።

ገመናቸውን ሸፈኑላቸው። ጋሼ ማኅተም በዚያ ቅጽበት ማፈር ይገባቸው እንደነበር ተረድተዋል፤ እንደ አንድ አንቀጽ ተረድተውታል እንጂ አላፈሩም። በማግስቱም እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ አስጮኹ።

ሚስኮሉ በተጀመረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት አካባቢ ስልካቸው ጮኸ። የእትዬ መርፌ ቁጥር ነው። ስምምነቱ ስልክ አይነሣም የሚል ነውና አላነሡም። ጮኾ ጮኾ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ። አራተኛ። «ምን ሆነው ነው? የጠዋቱን መልሰዋል እኮ» አሉ ለራሳቸው። ምናልባት ስልኩን ሳያውቁ እየተጫኑት ይሆናል፤ ምናልባት ሰልችቷቸው ይሆናል። ለጨዋነት ያህል እሳቸውም አንድ ጊዜ አስጮኹ፤ «ደርሶኛል» ለማለት። ወዲያው ስልኩ እንደገና ይጮኽ ጀመር። ጋሼ ማኅተም የወንበሩን ትራስ አንሥተው ላዩ ላይ አደረጉበት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ አስጮኹ። መልሱ ዘገየ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንድ ጊዜ ጮኸና ተቋረጠ። ጋሼ ማኅተም ብዕራቸውን አነሡ። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተጨዋወትን። ባልደረባዬ ዛሬ አንደበታቸው ርቱዕ፣ መንፈሳቸውም ብሩህ ነበር። በመጪው አርብ በጋራ መስመሩ ላይ ስለ ስፌት ሥራቸው ለአባላቱ ለመናገር ፈቃደኛ ሆነዋል።» ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደ ጨመሩት እሳቸውም አያውቁም። ዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ስለጎደለው ይሆናል።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አስተባባሪዋ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ሆስፒታል ነኝ። እትዬ መርፌ ወድቀው አገኘኋቸው። ዘገባዎን አንብቤ ደስ ብሎኝ ስለ አርቡ ላነጋግራቸው ደወልኩ። ስልኩ ተነሣ፣ ድምፅ ግን የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። በር አስሰብረን ገባን። በአልጋቸውና በስፌት መኪናቸው መሐል ወድቀዋል። ቀኝ ጎናቸው አይሠራም፣ አንደበታቸው ተይዟል፣ ስልኩን በግራ እጃቸው ጨብጠውታል። የእርስዎ መልእክት ባይኖር ኖሮ አልደውልም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሐኪሙ ይፈልግዎታል።»

የወንድ ድምፅ መጣ። ወጣት፣ የተጣደፈ፣ ትሑት።

«አባባ፣ በአጭሩ ልንገርዎት። ወደ ጭንቅላታቸው ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቷል። የሚከፍተው መድኃኒት እጃችን ላይ አለ። ነገር ግን የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ሊገድላቸው ይችላል። በእርስዎ ዘገባ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ አጥርተው ሲናገሩ ነበር። እንግዲያስ ገና ጊዜ አለን ማለት ነው። በዚህ ልተማመን?»

ደብተሩ ፊታቸው ተዘርግቷል። «አንደበታቸው ርቱዕ» የሚለው ቃል በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። «አዎ» ቢሉ የሚያጋልጣቸው የለም። እትዬ መርፌ መናገር አይችሉም። ቢድኑ ዘገባው አዳናቸው ይባላል፤ ቢሞቱ በሽታው ገደላቸው ይባላል። «አይ» ቢሉ ግን የሠላሳ አራት ዓመት ስማቸው በአንዲት ቃል ያልቃል። ይህን ሁሉ አሰቡት። ሲያስቡት የሌላ ሰው መዝገብ የሚያገላብጡ ያህል ደረቅ ነበሩ። መዝገቡ ግን ስሕተት ነበረው፤ ስሕተት ያለበት መዝገብ ላይ ደግሞ ሰው ሊሞት ነው።

«ዶክተር፣ አላነጋገርኳቸውም።»

«ዛሬን ነው?»

«ዛሬ ብቻ አይደለም። ደውዬ ካነጋገርኳቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ የአስተባባሪዋ ድምፅ፣ «ምን? ምን አሉ?» ሲል ተሰማ። ሐኪሙ ግን ጊዜ አልነበረውም።

«ታዲያ መቼ ነው የጀመራቸው? የሚያውቁት ነገር አለ?»

ጋሼ ማኅተም ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና በመነጽራቸው ዝርዝሩን አነበቡ። «ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ደውለውልኛል።»

«ሲያነሡት ምን ይሰማ ነበር?»

«አላነሣሁም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ሐኪሙ፤ ስልኩም ተዘጋ።

መድኃኒቱ አልተሰጠም። አለመሰጠቱም ሕይወታቸውን አተረፈላቸው፤ ሐኪሙ በኋላ ለአስተባባሪዋ እንዲህ ነበር ያላት። ቀጥሎ የተናገረውንም አስተባባሪዋ ሳትቀንስ ለጋሼ ማኅተም ነገረቻቸው። ትናንት በስምንት ሰዓት ያ ስልክ ተነሥቶ ቢሆን፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይደርስ ነበር፤ ምናልባትም ምላሳቸውም እጃቸውም ይተርፍ ነበር። እትዬ መርፌ መርፌ የሚይዙበት እጅ ቀኙ ነው።

ማታውኑ ሹፌሩ ወሬውን ሰምተው ሊያጽናኑ ደወሉ።

«አንተ ምን አጠፋህ? እርጅና ነው የጣላት። ሰው በስልክ አይድንም።»

«ሊድኑ ይችሉ ነበር» አሉ ጋሼ ማኅተም። «አሥራ አራት ጊዜ።»

ሹፌሩ፣ «ቆይ… ጓደኛዬ ዘንድ ልደውል» ብለው ደኅና እደር እንኳ ሳይሉ ዘጉት።

አርብ በጋራ መስመሩ ላይ ጋሼ ማኅተም ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። የተናገሩት አጭር ነበር።

«የተነበበላችሁ ሁሉ ሐሰት ነው። ጽሑፍ ነበር እንጂ ጭውውት አልነበረም። ሰው መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መጠየቅ ሌላ። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን የፈጸምኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ የሚጮኽ ስልክ 'አለሁ' ሊል ይችላል፤ 'ድረሱልኝ' ሲልም ድምፁ ያው ነው። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ የተስማማ ካለ ዛሬውኑ ያፍርሰው።»

በዚያ ቀን በመስመሩ ላይ ራዲዮም አልጮኸ፣ የሳቀም አልነበረም። አስተባባሪዋ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ስትጠይቅ፣ ከአሥራ አምስቱ ጥንዶች ሰባቱ በሚስኮል ብቻ ሲኖሩ እንደነበር አመኑ። አንዳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁሉም፣ «እንዳላደክመው ብዬ ነው» የሚሉ ነበሩ። ይህን ቃል አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለእናትህ ወይም ለአጎትህ ተናግረኸው እንደሆነ መርምር። አረጋዊን የሚያደክመው መጠየቅ አይደለም፤ ከጥያቄ ውጭ መደረግ ነው። ማዕከል ቢሠራ፣ መስመር ቢዘረጋ፣ ሥርዓት ቢቆም፣ በመጨረሻ ስልኩን አንሥቶ «ምን በላህ?» የሚል አንድ ሰው ካልተገኘ ሁሉም ሽቦ ነው።

ጋሼ ማኅተም ከጥምረቱ እንዲነሡ ራሳቸው ጠይቀው ነበር። አስተባባሪዋ ተቆጥታ እንደነበረች ድምፅዋ ያስታውቃል።

«ላነሣዎት ነበር» አለች። «ግን ሐኪሞቹ ንግግር የሚመለሰው በመስማትና በመሞከር ነው ይላሉ። በየቀኑ የሚያወራላቸው ሰው ያስፈልጋል። መልስ የለም፤ ምስጋናም የለም። የእርስዎን ድምፅ መስማት ባይፈልጉ ስልኩን በግራ እጃቸው ይገፉታል፤ ያኔ ይነሣሉ።»

በመጀመሪያው ቀን፣ እትዬ መርፌን የምትጠብቀው አስታማሚ ስልኩን በጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። ጋሼ ማኅተም የሚሉት ጠፋቸው። በመጨረሻ ደብተራቸውን ከፈቱና የመጀመሪያውን የሐሰት ዘገባ አነበቡላቸው፤ ቀጥለውም በዚያ ቀን በእርግጥ የሆነውን ተናገሩ። «ስለ ስፌት መኪናዎ ሲተርኩ ሳቁ ብዬ ጽፌያለሁ። አልተረኩልኝም። እኔ ዳቦ በልቼ ግድግዳ ሳይ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ ምልክት አለ፤ የርግብ ጎጆ የነበረበት ነው። ባለቤቴ ነበረች ያሳየችኝ።» ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ስልኩ ግን አልተገፋም። አስተባባሪዋ የምትጠብቀውን ዘገባ ሲልኩ፣ ለሦስተኛው ጥያቄ፣ «ምንም አልተናገሩም። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ» ብለው ጻፉ።

በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ፤ አንድ ሐሰት ያነባሉ፣ ከጎኑ እውነቱን ይናገራሉ፣ ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ከወዲያ የጉሮሮ ድምፅ ይመጣል፤ ቃል ሊሆን ይነሣና ይወድቃል። ያም ሲሆን ይጽፉታል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ያነበቡት ዘገባ፣ «ባልደረባዬ ከእኔ ጋር መነጋገር እንደ ወንድም እንደሚያጽናናቸው ገለጹልኝ» የሚል ነበር። አንብበው ሳይጨርሱ በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ምላስ ከላንቃ ጋር ሲታገል፣ አየር ሲሰበሰብ፣ ሲበተን፣ እንደገና ሲሰበሰብ ሰሙ።

«ው… ሸ…»

ጋሼ ማኅተም ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ው… ሸ… ታም።»

«እንዴ! ተናገሩ! እማማ ተናገሩ!» ብላ አስታማሚዋ ጮኸች፤ ሌሎችንም ስትጠራ ተሰማ።

ጋሼ ማኅተም ደብተሩን ዘጉት። ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ያዙ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ቆይተው ብዕራቸውን አነሡ። ሰውነታቸውን አንቀሳቅሰዋል? ግራ እጃቸውን። ምግብ ቀምሰዋል? በማንኪያ፣ አስታማሚዋ እንደ ነገረችኝ። ምን ተጨዋወታችሁ?

«ውሸታም አሉኝ» ብለው ጻፉ ጋሼ ማኅተም። «እኔም፣ አዎ አልኳቸው።»